የድመት ሽንት ሽታ ከቤት፣ ከፍራሽና ከመስገጃ ላይ እንዴት ይወጣል?



የዚህ ዕትም ርዕሳችን ፈገግ ያሰኛችሁ ይሆናል። ከፍኖተ ሰላም፣ ከቡሬና ከዙሪያው ገጠር ለመጣን ተማሪዎች ግን ቀልድ አይደለም። ክረምት ለእረፍት ቤት ስንገባ ከእናቶቻችን ከምንሰማቸው ስሞታዎች አንዱ «ይህች ድመት ቤቱን አከረፋችው፤ በጆንያ አድርጋችሁ ወንዝ አሻግሩልኝ» የሚል ነው። ከግቢ ውጭ ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ ጓደኞቻችንም ተመሳሳይ ጣጣ አለባቸው። የአከራይ ድመት በመስኮት ትገባና ፍራሽ ላይ ትሸናለች፤ ከዚያ በኋላ «እዚህ ክፍል ውስጥ መስገድ ይቻላል ወይ?» የሚል ክርክር ይነሳል።

ድመቷን ወንዝ ማሻገር ቀላል መፍትሔ ይመስላል። ነገር ግን አገራችን የበቆሎ አገር ነው። በቡሬ፣ በወንበርማና በጃቢ ጠህናን ገበሬ ቤት በቆሎው በጎተራ፣ ጤፉ በጆንያ ሆኖ ሰው ከሚያድርበት ብዙም ሳይርቅ ያድራል። ድመት ከሄደች አይጥ ይገባል። አይጥ ሲገባ የአይጥ መርዝ ይገዛል። መርዙ ሕፃናትና ዶሮዎች ባሉበት ቤት ምን ሊያደርስ እንደሚችል መናገር አያስፈልግም፤ መርዝ በልቶ ግድግዳ ውስጥ የሞተ አይጥ የሚያመጣውን ሽታም የቀመሰው ያውቀዋል። በዚያ ላይ ድመትን አስራ በረሃብ የገደለች ሴት በእርሷ ምክንያት እንደተቀጣች የሚናገረውን ሐዲስ ሁላችንም መድረሳ ላይ ተምረናል። ስለዚህ ድመቷ ቤት እንዳለች ሽታው የሚወጣበትን መንገድ እናያለን።

ሽታው ከየት ይመጣል?

የቤት ድመት ዘሩ ከሰሜን አፍሪካና ከመካከለኛው ምሥራቅ የዱር ድመት ይመዘዛል። ውሃ እንደልብ በማይገኝበት አገር ለመኖር የተሠራ ኩላሊት ስላለው ውሃውን አጥብቆ ይይዛል፤ የሚወጣው ሽንት መጠኑ ትንሽ፣ በውስጡ የተሟሟው ነገር ግን ብዙ ነው። ከዚያ ውስጥ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ዩሪያ ነው። አዎ፣ ገበሬው ለበቆሎው የሚበትነው ያው ዩሪያ! የፋብሪካውም የድመቷም በኬሚስትሪ አንድ ናቸው። ዩሪያ ብቻውን አይሸትም። እርጥበት ሲያገኝና ዩሪየዝ የሚባል ኢንዛይም ያላቸው ባክቴሪያዎች ሲያገኙት ግን ወደ አሞኒያ ይለወጣል። ዝናብ በነካው የማዳበሪያ ከረጢት አጠገብ የቆመ ሰው አፍንጫውን የሚወጋው ይህ ነው። የግብርና ባለሙያዎች ዩሪያውን አፈር አልብሱት የሚሉትም አሞኒያው ወደ አየር እንዳያመልጥ ነው። እንግዲህ ድመቷ ዛሬ የሸናችው ዛሬ ብዙ ሳይሸት ከነገ ወዲያ የሚብስበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የድመት ብቻ ነው። ሽንቷ ውስጥ ፌሊኒን የሚባል፣ ድኝ ያለበት አሚኖ አሲድ አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 የጃፓን ተመራማሪዎች ይህ ፌሊኒን እንዲመረት የሚያደርገው ከድመት ኩላሊት የሚወጣ ኮክሲን የተባለ ፕሮቲን መሆኑን አሳይተዋል። ፌሊኒን ራሱ ሽታ የለውም፤ ቀስ በቀስ ሲፈርስ ግን ታዮል ከሚባሉት የድኝ ውህዶች አንዱን ይለቃል። ታዮል በጣም ጥቂቱ የሚሸት ነገር ነው። የቡታጋዝ ሲሊንደር ሲያፈስ የምናሸተው የጋዙን ሽታ እንዳይመስላችሁ፤ ጋዙ ሽታ የለውም፣ ሰው መፍሰሱን እንዲያውቅ ሆን ተብሎ የሚጨመርበት ታዮል ነው። ያልተኮላሸ ጎልማሳ ወንድ ድመት ደግሞ ከሴቷና ከተኮላሸው በብዙ እጥፍ የበለጠ ፌሊኒን ያወጣል። ለእሱ ሽንት የድንበር ምልክት ነው። ቁሞ፣ ጅራቱን አንስቶ፣ ወደ ኋላ በበር መቃን፣ በጆንያና በግድግዳ ላይ ይረጫል። ስለዚህ ሽታውን የምትፈልጉት ወለል ላይ ብቻ ከሆነ ግማሹን አታገኙትም።

አሞኒያው በአየር ይወጣል፤ የድኙ ነገር ግን ውስጥ ይቆያል። ደርቆ «ጠፋ» ያልነው ቦታ ሐምሌ ላይ እርጥበት ሲያገኝ እንደ አዲስ የሚሸተው ለዚህ ነው።

ዕጣንና በረኪና

በእኛ አገር ቤት ሲሸት የመጀመሪያው መድኃኒት ጭስ ነው። ወይራ ይታጠናል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ ቡና ይቆላል። ደስ የሚል ነገር ነው፤ እኛም አንጠላውም። ግን ሽንቱን አይነካውም። የሰው አፍንጫ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ አንድን ሽታ ስለሚለምድ የቤቱ ሰው ከጭሱ በኋላ «ለቀቀ» ይላል፣ ከውጭ የገባ እንግዳ ግን ሁለቱንም አንድ ላይ ያሸታል። ድመቷም አትታለልም። የራሷን ምልክት በጭሱ ውስጥ አሽታ ታገኝና እዚያው ቦታ ትደግማለች። አንድ ቦታ ደጋግማ የምትሸና ድመት ብዙ ጊዜ እልከኛ ሆና ሳይሆን ቦታው በደንብ ስላልጸዳ ነው።

በረኪና ግን ከጭስም የባሰ ነገር አለው፤ ይህን ክፍል ለቤተሰብ አንብቡላቸው። በረኪና ውስጥ ያለው ሶዲየም ሃይፖክሎራይት በሽንት ውስጥ ካለው አሞኒያ ጋር ሲገናኝ ክሎራሚን የሚባል፣ ሳንባና ዓይንን የሚያቃጥል ጋዝ ይፈጠራል። ያልሸሸ ሽታ ያናደዳቸው እናት በረኪናው ላይ አቼቶ ወይም ሎሚ ቢጨምሩ ደግሞ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1915 በቤልጂየም ኢፕር አካባቢ በወታደሮች ላይ የተለቀቀው መርዝ ይህ ክሎሪን ነበር። በእርግጥ ከአንድ ጠርሙስ የሚወጣው የጦር ሜዳ ያህል አይሆንም፤ ነገር ግን ክረምት በሩንና መስኮቱን ዘግቶ በጠባብ ክፍል ውስጥ ጎንበስ ብሎ ለሚያሽ ሰው፣ በተለይ አስም ላለበት፣ በቂ ነው። ጉሮሮ ካቃጠለ ዕቃውን እዚያው ጥሎ ወደ ውጭ መውጣት፣ በሩን ክፍት መተው፤ ትንፋሽ ካጠረ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። ድመት ለሸናችበት ቦታ በረኪና አንመክርም።

ቦታውን ማግኘት

ሱቆች ሐሰተኛ ብር የሚለዩባትን ትንሽ ወይን ጠጅ መብራት ታውቋታላችሁ። አልትራቫዮሌት ብርሃን ነው የምትሰጠው። ማታ መብራት አጥፍታችሁ፣ ከግድግዳው በአንድ ክንድ ርቀት ላይ ስታበሩባት የደረቀ ሽንት ቢጫ ወይም አረንጓዴ መሰል ሆኖ ይታያል። አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፦ በኦሞ የታጠበ ልብስም ያበራል፤ የልብስ ሳሙና ዱቄቶች ነጩን የበለጠ ነጭ የሚያስመስል ነገር ስላለባቸው ነው። ሰማያዊ ሆኖ የሚያበራው ብዙ ጊዜ ሳሙና ነው። መብራቷ ከሌለች አፍንጫ አለ። ከውጭ ቆይታችሁ እንደገባችሁ፣ ሳትለምዱት፣ ዝቅ ብላችሁ አሽቱ። ያገኛችሁትን ቦታ በጠመኔ አክብቡት።

ማጽዳቱ

ገና እርጥብ ከሆነ ዕድለኞች ናችሁ። አትሹት፤ ማሸት ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ያረጀ የጥጥ ጨርቅ አጥፋችሁ ጣሉበትና ቁሙበት፤ ጨርቁ ደረቅ እስኪወጣ ድረስ ቀያይሩ። ወለል ከሆነ እናቶቻችን የሚነሰንሱት ደረቅ አመድ ጥሩ ነው፤ ይመጠዋል። ነገር ግን ወዲያው ተጠርጎ ይውጣ። አመድ ቤዝ ነው። በቆየ ሽንት ላይ ሲነሰነስ የተጠራቀመውን አሞኒያ ገፍቶ ወደ አየር ያስወጣዋል፣ ቤቱም ይብሳል። ስለዚህ ለእርጥቡ አመድ፣ ለቆየው አቼቶ።

አቼቶ ደካማ አሲድ ነው፤ አሞኒያውን ይዞ ወደማይሸት ጨው ይለውጠዋል። ከውሃ እኩል በእኩል ቀላቅሉና ሽንቱ የደረሰበት ጥልቀት ድረስ እንዲደርስ አፍስሱት። ላይ ላዩን በጨርቅ ነካ ነካ ማድረግ ጊዜ ማጥፋት ነው፤ ሽንቱ ስፖንጁ ውስጥ ሦስት ጣት ወርዶ አቼቶው ከላይ ከቀረ አይገናኙም። ከሩብ ሰዓት በኋላ በጨርቅ ምጠጡትና እንዲደርቅ ተዉት።

አቼቶ የድኙን ሽታ አያጠፋም። ለእሱ የሚያስፈልገው ኦክስጅን የሚሰጥ ነገር ነው፤ ይኸውም ከፋርማሲ የሚገኘው፣ ቁስል ላይ ሲያርፍ አረፋ የሚደፍቀው 3% ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ነው። ታዮልን ወደማይሸት ውህድ ይለውጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1993 ፖል ክሬባውም የተባለ አሜሪካዊ ኬሚስት፣ ስከንክ የሚባለው የሰሜን አሜሪካ እንስሳ ለሚረጨው ክፉ የታዮል ሽታ ፐርኦክሳይድ፣ ቤኪንግ ሶዳና ፈሳሽ ሳሙና የሚቀላቀሉበትን መንገድ አሳትሞ ነበር። በእኛ ልክ ሲሆን ለ100 ሚሊ ሊትር ፐርኦክሳይድ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳና አሥር ጠብታ ያህል ላርጎ ይበቃል። አቼቶው በደንብ ከደረቀ በኋላ ነው የሚፈስሰው፤ ሁለቱ አንድ ላይ አይቀላቀሉ። ቅልቅሉ እንደተሠራ ወዲያው ይፍሰስ፤ የተረፈው ይደፋ። ጠርሙስ ውስጥ ከድናችሁ ብታስቀምጡት ኦክስጅኑ ጠርሙሱን ያፈነዳዋል። ቀለምም ሊያነጣ ስለሚችል በማይታይ ጥግ ላይ አስቀድማችሁ ሞክሩት፤ የሴት አያታችሁን ባለቀለም ስጋጃ በእኛ ምክር አበላሽታችሁ እንዳትመጡ።

የስፖንጅ ፍራሽ ከሁሉም ያስቸግራል። ውሃ እንደ ጉድጓድ ይይዛል፤ በሐምሌ ከታጠበ ሻጋታ ይጨምርበታል። ከጥቅምት በኋላ ባለው ፀሐይ አቁማችሁ፣ አየር በሁለቱም በኩል እያገኘው ሁለትና ሦስት ቀን ይድረቅ። ከዚያ በኋላ ከአንሶላው ስር ላስቲክ ማንጠፍ ርካሽ መድን ነው።

ለጋቢና ለጥጥ ልብስ እንዶድ አለን። ፍሬው ደርቆ ተወቅጦ ውሃ ውስጥ ሲሟሽ የሚያወጣው አረፋ ሳፖኒን ከሚባል ነገር ነው፤ እንደ ሳሙና ቆሻሻውን ከክሩ ያላቅቃል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይቶ ነው የቢልሃርዝያ ምርምሩን የጀመረው። ያ ታሪክ ሌላ ነገርም ይነግረናል፤ የእንዶድ እጣቢ ዓሣንም ስለሚገድል ወንዝ ውስጥ አይደፋ።

የአፈር ወለል አስቸጋሪ ይመስላል እንጂ ከሁሉም ቀላሉ ነው፤ የተበላሸውን ክፍል አውጥቶ መጣል ይቻላላ! ሁለትና ሦስት ጣት ያህል ፍቁት፣ ውጭ አውጥታችሁ ድፉት፣ ጉድጓዱን አንድ ቀን አናፍሱት፤ ከዚያ በአዲስ ጭቃና ጭድ ሙሉት። የጭቃ ግድግዳም እንዲሁ ነው፤ የተረጨበት ልስን ይፋቅና ይመረግ። ሊሾ ግን አያታልላችሁ። ጠንካራ ቢመስልም ሲሚንቶ በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች የተሞላ ነው፤ ሽንቱ ይሰርጋል፣ ሲሚንቶው ራሱ ቤዝ ስለሆነ ደግሞ አሞኒያውን ገፍቶ ያወጣዋል። አቼቶ ሲሚንቶን ስለሚበላ አሳስታችሁ ተጠቀሙ፣ ወዲያውም በውሃ አጥቡት፤ በፐርኦክሳይዱ ቅልቅል ሁለትና ሦስት ጊዜ ደጋግሙ። በደንብ ከደረቀ በኋላ በዘይት ቀለም መቀባት ቀዳዳውን ይደፍነዋል። ሳይጸዳ ቀለም ከቀባችሁት ግን ሽታውን ከውስጥ ቆለፋችሁበት ማለት ነው፤ ቀለሙ ሲሰነጠቅ ይመለሳል።

ስለ እህል ጆንያም ጥያቄ ይመጣል። ከውጭ ብቻ ከተረጨ እህሉን ገልብጦ ጆንያውን ማጠብ ነው። እህሉ ከራሰ የራሰው ተለይቶ ይውጣ፤ እርጥቡ ከደረቁ ጋር ተደባልቆ ከተቀመጠ ሻጋታው ሌላውንም ይይዛል።

መስገጃውስ?

እዚህ ላይ ብዙ ወንድሞች ድመቷንና ሽንቷን ይደባልቃሉ። አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ.) ውዱእ ሊያደርጉ ሳሉ ድመት መጣች፤ ዕቃውን ዘንበል አድርገው አጠጧት። የልጃቸው ሚስት ከብሻ በመገረም ስታያቸው፣ ድመት ነጃሳ እንዳልሆነችና በቤታችን በዙሪያችን ከሚመላለሱት እንደሆነች ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መናገራቸውን ነገሯት። አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበውታል። ስለዚህ ድመት የተኛችበት መስገጃ፣ አፏን ያስገባችበት የውዱእ ውሃ አያሳስባችሁ። ሽንቷ ግን ነጃሳ መሆኑን አብዛኞቹ ዑለማዎች ይናገራሉ፤ ከልብስ፣ ከሰውነትና ከሚሰገድበት ቦታ መወገድ አለበት።

እንዴት ይወገዳል ለሚለው፣ መስጂድ ውስጥ የሸናው አዕራቢ ታሪክ በቡኻሪና በሙስሊም አለ። ሶሓቦች ሊያስነሱት ሲሉ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) እንዲተዉት አዘዙ፤ ሲጨርስ በቦታው ላይ ባልዲ ውሃ እንዲፈስ አደረጉ። ለመስገጃ ጨርቅም የነጃሳው አካል እስኪወገድ ድረስ ንጹህ ውሃ ማፍሰስ ነው። አቼቶውና ፐርኦክሳይዱ ለሽታው ናቸው፤ ለጠሃራው መጨረሻ ላይ ውሃ ይፈስበታል። ሁለቱን ሥራዎች ለይታችሁ ያዟቸው።

በደንብ ታጥቦ፣ ታሽቶ፣ የማይለቅ ትንሽ ሽታ ቢቀርስ? በሻፊዒይ መዝሀብ ለማስወገድ ያስቸገረ ሽታ ብቻውን ወይም ቀለም ብቻውን ቢቀር ይቅር የሚባል ነው፤ ሁለቱም አንድ ላይ ከቀሩ ግን ገና አልጠራም። ይህ ለወስዋስ ትልቅ መድኃኒት ነው። አንድ መስገጃ አምስቴ አጥቦ አሁንም አፍንጫውን እየቀበረ የሚያሸት ወንድም ካላችሁ ይህን ንገሩት።

እበት በተለቀለቀ ወለል ላይ ስለመስገድ የምትጠይቁም አትጠፉም። በሻፊዒይ እበት ራሱ ነጃሳ ነው፤ በማሊኪና በሐንበሊ የሚበላ እንስሳ እበት ንጹህ ነው። አያቶቻችን ሰሌን ወይም አጎዛ አንጥፈው ሲሰግዱ ኖረዋል። ዝርዝሩን ለኡስታዞቻችሁ አቅርቡ፤ ወላሁ አዕለም።

ድመቷ የት ትሽና?

ድመት በተፈጥሮዋ ጭራ፣ ሸንታ፣ አፈር ማልበስ ትወዳለች። ቀን ውጭ ትወጣለች፤ ችግሩ ሌሊት በር ተዘግቶ ስታድር ነው። ቢጫውን የ20 ሊትር ጀሪካን በቁመቱ ሰንጥቃችሁ አንዱን ጎን አሸዋ ሙሉት፤ ማስለመጃ ካስፈለገ ሽንቷ የነካውን ጨርቅ ቁራጭ ውስጡ ጣል አድርጉ። አሜሪካኖችም እስከ 1940ዎቹ ድረስ በብዙ ቤት አመድና አሸዋ ነበር የሚጠቀሙት። እ.ኤ.አ. በ1947 ሚሺጋን ውስጥ ኤድ ሎው የሚባል ሰው፣ ድመቷ አመድ እየረገጠች ቤቷን ላቆሸሸችባት ጎረቤቱ ደረቅ የሸክላ አፈር ሰጣት፤ ከዚያ ትልቅ ንግድ ወጣ። እኛ ዘንድ ከአናጺ ቤት የሚጣል ሰጋቱራ አለ። ከዚያም የሚሻለው የበቆሎ ቆረቆንዳ ነው፤ አድርቆ መውቀጥ ብቻ። በሌላው ዓለም ተፈጭቶ በከረጢት ለድመት የሚሸጥ ነገር ቡሬ ላይ ማገዶ ሆኖ ይነዳል።

ጀሪካኑ ከምግቧም ከእኛ ምግብም ይራቅ። በየቀኑ ይጠረግ፤ ከውሃ ጉድጓድ ርቆ ይቀበር። ዐይነ ምድሯ ቶክሶፕላዝማ የተባለ ተህዋስ ሊኖረው ስለሚችል ነፍሰ ጡር እህቶች ይህን ሥራ ለሌላ ይተዉ። ማኮላሸት የወንዱን መርጨት በጣም ይቀንሳል፤ ሸሪዓዊ ብይኑ ላይ ግን ዑለማዎች ስለሚለያዩ ጠይቃችሁ ወስኑ።

ለወትሮው ውጭ የምትሸና ድመት ድንገት ቤት ውስጥ፣ በትንሽ በትንሹ፣ ደጋግማ መሽናት ከጀመረች አትምቷት፤ ፊኛዋ ታሞ ሊሆን ይችላል። ወንድ ድመት ሲሆን ደግሞ ቀዳዳው ጠባብ ስለሆነ ሊዘጋ ይችላል። ሊሸና ይቀመጣል፣ ያምጣል፣ ይጮኻል፣ ምንም አይወጣም። ይህ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ የሚገድል ነገር ነው፤ እስከ ነገ ገበያ አይጠበቅም። የወረዳው የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ውሰዱት። የለመዱት ላምና በሬ ስለሆነ «ለድመት ነው?» ብለው ቢስቁባችሁም፣ ወንድ መሆኑንና ከስንት ሰዓት ጀምሮ ሽንት እንዳልወጣው በመጀመሪያ ንገሯቸው።